የላሊ ልክ

የላሙ ደሴት ሰው ስለ ሌላ ሰው ጀልባ ሳያወራ የሚያድረው ሲቀበር ብቻ ነው። በባሕሩ ዳር ባለው የድንጋይ መደብ ላይ የሚውሉት ሽማግሌዎች የማንኛዋም ጀልባ አመልና የማንኛውም ናሆዳ፣ ማለትም የጀልባ አዛዥ፣ ጉድ በእጃቸው ነው። መሪ ጨብጦ የሚኖር ሰው ባሕሩን ቢፈራ ግማሽ ያህል ነው፤ እነሱን ግን ሙሉ ለሙሉ ይፈራል።

የላሊ ጀልባ ስሟ ኡፔሲ ነው፤ «ፈጣኗ» ማለት ነው። ስሙ ራሱ ለመደቡ ሰዎች ከሰማይ የወረደ መና ሆነላቸው።

«ኡፔሲ መጣች!» ይላል አንዱ፣ ጀልባዋ ከማንዳ ደሴት በኩል ብቅ ስትል።

«የዛሬዋ ናት የትናንቷ?» ይላል ሌላው።

ይህችን ቀልድ ስንት ዓመት ደጋግመዋት አልሰለቸቻቸውም። ላሊም ከወረደ በኋላ አብሯቸው ይስቃል፤ ሳቂታ ሰው ነው። ታላቅ ወንድሙ ፋማው ግን በዚያች ቀልድ ስቆ አያውቅም። ሰዎቹ ወንድሙን ስለሚወድ ይመስላቸው ነበር። እርግጥ ይወደዋል። ያልሳቀው ግን ጀልባዋ ለምን እንደምትዘገይ ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው።

ፋማው ሸራ ሰፊ ነው። የከተማው ሸራ ከሞላ ጎደል በእሱ መርፌ ያለፈ ነው። ላሊ ደግሞ እንግዶች ጭኖ በደሴቶቹ መካከል እያደረ የሚዞር ናሆዳ ነው፤ ፓቴ፣ ኪዋዩ፣ ከዚያም ወዲያ። ከዝናቡ በፊት ባለው ወር አንድ ጠዋት የተቀደደ ሸራውን በአህያ ጭኖ ወንድሙ ዳስ በር ላይ ዘረገፈው።

«ጋሼ፣ እንካ ሬሳህን።»

«ምን አገኘው?»

«ኪዋዩ ማዶ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። እንግዶቹ አጨበጨቡልኝ፤ ትርዒት መስሏቸው ነው መሰለኝ።»

ፋማው ጎንበስ ብሎ ጨርቁን በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው ጣቱ አልፎ ወጣ። «ፀሐይ በልታዋለች። መርፌ አይዝም፤ አለቀለት» አለ።

«እንግዲያው አዲስ ስፋልኝ። ልኩን ከዚሁ ላይ ውሰድ።»

«ከአሮጌ ሸራ ላይ ልክ አይወሰድም፤ ስንቴ ልንገርህ? አሮጌ ሸራ እንደ አሮጌ ሰው ነው፤ ቦርጭ ያወጣል፣ ጠርዙ ይላላል። ልክ የሚወሰደው ሸራው ከሚሰቀልበት አግዳሚ እንጨት ነው።»

«ጥሩ፣ ከእንጨቱ ውሰድ። ብቻ አሳንሰው።»

«ምን አልክ?»

«ካለፈው አንድ ክንድ ቀንስለት። ጨርቁም ወፍራሙ ጥጥ ይሁን፤ ናይለኑ ይንሸራተትብኛል። ትንሽ፣ ወፍራም፣ የማይጣደፍ ሸራ።» ላሊ ሳቅ አለ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ልኬን አውቃለሁ። ሌሎቹ ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸውን መንገድ እኔ ስሄደው ይመሻል። እንግዳ አምጪዎቹ ደላሎች እንኳ አሁን አሁን ለእኔ የሚሰጡኝ ባሕር የሚያዞራቸውን አሮጊቶች ነው። ጀልባዋ ጥሩ ናት፤ እንጨቷን አባታችን ነው የመረጠው። እጄ ነው። አንዳንድ ሰው እጁ ለባሕር አልተፈጠረም።»

ፋማው መርፌውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ደግሞ ለማን ይሰፋል ብለህ?» ሲል ላሊ ቀጠለ። «ናሆዳው ቡኑ ጀልባዋን ሊገዛኝ ነው። አዲስ ሸራ ካላደረግክባት አልወስድም አለኝ። ሸራዋ ሲያልቅ ውሉ እንዲጸና የፋቲሃን ጸሎት እናስቀራለን፣ እጅ እንጨባበጣለን፣ እኔም ሼላ መንደር ካለው የእንግዳ ማረፊያ በር ላይ ወንበር አግኝቻለሁ። ዘበኛ። ወንበሩ አይንቀሳቀስማ፤ ማንም አይቀድመኝም።»

ይህንንም ለማሳቅ ነው ያለው።

ነገሩ የጀመረው ከአባታቸው ነው። ፋማው ገና ጢሙ ሳይበቅል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የሰፋው ሸራ የአባቱ ነበር። እንጨቱ የቻለውን ያህል፣ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሙሉ ሸራ። አባትየው በመደቡ ፊት ሲያልፍ «ልጄ ነው የሰፋው!» እያለ ጮኸ። በዚያው ዓመት የደቡቡ ንፋስ ኩሲ ሲበረታ፣ ከወሽመጡ አፍ ላይ ጀልባዋ ተገለበጠች። ሰዎቹ ጀልባዋንና ሸራውን ጎትተው አመጡ፤ ሰውየውን ግን ሞቶ ከሸራው ሥር ነው ያገኙት። ማንም ፋማውን አልወቀሰውም። እናቱ እንኳ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ላሊን አደራ።»

ላሊ ግን አድጎ ባሕሩን መረጠ፤ የአባቱን ጀልባ ጠግኖ ኡፔሲ አላት። «ሸራውን ማን ይስፋልኝ?» ብሎም አልጠየቀም።

በላሙ ሸራ የሚለካው በሸራ ሰፊው ክንድ ነው። ሰፊው ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ የመጀመሪያው ክንድ «አንድ» አይባልም፣ «ቢስሚላህ» ነው የሚባለው፤ ከዚያ «ሁለት» ይቀጥላል። ሰፊው የለካውን ባለቤቱ መልሶ አይለካም። መልሶ መለካት «ሌባ ነህ» እንደማለት ነው፤ በወንድማማች መካከል ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ፋማው ለላሊ የመጀመሪያውን ሸራ ሲለካ፣ ጨርቁን ሳይነካ ክንዱን በባዶ ዘርግቶ «ቢስሚላህ» አለ። «ሁለት» ያለው በመጀመሪያው ክንድ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ክንድ ለጠርዝ ብሎ አጠፈ። በሦስቱም በኩል እንዲሁ አደረገ። የአግዳሚው እንጨት ጫፍና ጫፍ፣ እጅጌው ካጠረ ሸሚዝ እንደወጣ ክንድ ራቁቱን ቀረ። ላሊ ሲጠይቀው «ጥጥ ሲውል ሲያድር ይለጠጣል» አለው፤ እውነትም ጥጥ ይለጠጣል፣ ያን ያህል ግን አይደለም። ላሊም አመነ። ወንድሙ ነዋ!

ለዚያች የኩሲ ወቅት ብቻ ነበር ያሰበው። ባሕሩን እስኪለምድ። ላሊ ግን ከዚያች ኩሲ በሰላም ተመለሰ፤ ፋማውም ያተረፈለት የጎደለው ክንድ ሆኖ ታየው። እንዲህ ያመነ ሰው በቀጣዩ ሸራ ላይ እንዴት አድርጎ ይሙላው? ሸራ አለቀ፣ ሌላ ተሰፋ፣ እሱም አለቀ። በየመውሊዱ የጀልባ እሽቅድምድም ላሊ ከኋላ ደረሰ። አንድ ዓመት ከሞምባሳ የመጣ ነጋዴ ለትልቅ ጀልባው ናሆዳ ሊመርጥ ባሕሩ ዳር ቆሞ እሽቅድምድሙን ሲያይ ዋለና ቡኑን ወሰደ። ላሊ ያን ቀን ማታ ወንድሙ ቤት ዓሣ በኮኮናት ሩዝ በላ፣ ቀለደ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ድንገት «ጋሼ፣ እጄን እስቲ እየው፤ ምን ጎደለው?» ብሎ መዳፉን ዘረጋለት። ፋማው መዳፉን አየና «ምንም አልጎደለውም» አለ። ከዚያ በላይ ሊል የሚችልበት ቀን ያ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ላሊ ሸራውን አራግፎ በሄደ ማግስት፣ ባሕሩ ሲሸሽ፣ ፋማው አሸዋ ላይ ተጋድማ ወደነበረችው ኡፔሲ ወረደ። አግዳሚውን እንጨት ከጫፍ ጀምሮ ለካ። እጁን እንጨቱ ላይ ሳያሳርፍ «ቢስሚላህ» ማለት ለምዶበት ነበርና ምላሱ ቀደመው፤ መለስ ብሎ እንደገና ጀመረ። ክንዱን እንጨቱ ላይ አስተኝቶ፣ በእውነተኛው የመጀመሪያ ክንድ ላይ «ቢስሚላህ» አለ። ከምሰሶው ጫፍ እስከ ኋላ ማሰሪያው፣ ከፊት ማሰሪያው እስከ ታች፣ ሁሉንም በሙሉ ክንድ። ካረጀ በኋላ ክንዱ እንኳ አጥሮ እንዳይሆን ፈርቶ፣ በየመጨረሻው አንድ ጣት ጨመረ።

ለቁርስ ሲመለስ ሚስቱ ባርኬ ማሃምሪ ዳቦ ጠብሳ በጨርቅ ሸፍናለች።

«ምን ልክ ወሰድክ?» አለችው፤ ፊቱ ላይ ያየችው ነገር ነበር።

«ሙሉ።»

ባርኬ ጨርቁን ከዳቦው ላይ ገልጣ በሁለት እጇ ዘረጋችው። ወፍራም ጥጥ፣ ብዙ ታጥቦ የለሰለሰ። «ይህ ከማን ሸራ የተረፈ ነው?»

ፋማው አንድ ማሃምሪ አነሳ።

«የልጆቹ ፍራሽ ልባስስ? የመስኮቱስ መጋረጃ? አንድም ቀን ከቡኑ ሸራ የተረፈ ቁራጭ ይዘህ አልመጣህልኝም። ከላሊ ብቻ። ሰውየው እዚህ እየመጣ የገዛ ጨርቁ ላይ ተቀምጦ ሲበላ ስንት ዓመት ዝም አልኩህ። ወንድማማቾች ናቸው፣ አይመለከተኝም ብዬ። አሁን ግን ጀልባውን ሊሸጥ ነው። ሂድና ንገረው።»

«ሸራው ይነግረዋል። አንድ ጊዜ ሰቅሎት ይውጣ፤ ያኔ አልሸጥም ይላል።»

«ሸራ አፍ የለውም፣ ፋማው። አንተ ነህ ያለህ።»

ፋማው ግን በሸራው ተማመነ። እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ሊናገረው የሚገባውን ሁሉ በመርፌ ሊሰፋው ይፈልጋል። ሰውነቱ እያመመው ሰፋ። ስፌቱን እጥፍ አደረገ፣ ጥጉን በቆዳ አጠነከረ፣ ጨርቁንም በየቁራጩ እየመረጠ ሽመናው የጠበቀውን መሀል ላይ አዋለ። ዕቅዱ ቀላል ነበር፦ መጀመሪያ ሸራውን ይሞክሩታል፤ ፋቲሃው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገር ግን ሸራው ሲያልቅ ንፋስ ጠፋ። ባሕሩ ዘይት ሆነ። ላሊና ፋማው ሸራውን ዳሱ ውስጥ ጠቅልለው ሲጠብቁ፣ ቡኑ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም ቡኑ፤ ጮክ ባይ፣ ቸኩሎ አዳሪ ነው።

«ላሊ! ይኸው አልቋል አይደል? የፋማው ስፌት ነው፣ ምን ይሞከራል! እኔ ነገ ከሼላ ተነስቼ ወደ ኪሲንጊቲኒ መንደር ልወጣ ነው፤ ሽማግሌዎቹም እዚሁ ናቸው፤ ፋቲሃውን እናስቀራና እንገላገል።»

ላሊ ወደ ወንድሙ ዞረ። «ምን ትላለህ ጋሼ? ያው ነው እኮ፣ አይደል?»

ፋማው አፉን ከፈተ። ለመናገር ይበቃው የነበረው «ቆይ» የምትለዋ ቃል ናት። ግን ከ«ቆይ» በኋላ «ለምን?» ይመጣል፤ «ለምን» የሚባለው ደግሞ በቡኑ ፊት፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ነው። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘረጉ። ላሊ እጁን ዘረጋ። ፋማውም ዘረጋ። ጸሎቱ አጭር ናት፤ በውስጧ ስንት ጊዜ «አሁን» ብሎ እንደተነሳና እንደተቀመጠ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም «አሚን» አሉ። ፋማውም «አሚን» አለ፤ ድምፁም ከሁሉም ጎላ ብሎ ተሰማ።

በላሙ ፋቲሃ የተቀራበት ነገር አይመለስም። ቃሉን ያጠፈ ሰው ሞቶ እንኳ ቀባሪ አያገኝም ይባላል።

ማግስቱን ንፋሱ መጣ። ላሊ ጀልባዋን ቡኑ ወደሚረከብበት ወደ ሼላ ሊወስዳት ነበርና «ለስንብት አብረኸኝ ና» ብሎ ወንድሙን ጫነው። ሸራውን ሰቀሉ። ሸራው ሲገለጥ አግዳሚውን እንጨት ጫፍ እስከ ጫፍ ሞላው። ላሊ ቀና ብሎ አየና «በዛ እንዴ?» አለ፤ ሳይጨርሰው ኡፔሲ ዘንበል ብላ ተነሳች።

እንዲህ ሄዳ አታውቅም። ውሃው ከጎኗ ይጮህ ጀመር። ከፊታቸው የነበረችውን አሸዋ የጫነች ጀልባ አለፏት፤ ከዚያ ሌላዋን አለፏት፤ የሌላዋ ናሆዳ ቆሞ አያቸው። ላሊ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ልጅ ሳቀ። ንፋሱ ሲጠነክር ገመዱን ለቀቅ፣ ሲላላ ሳብ፤ ማንም ሳያስተምረው፣ እጁ ሁልጊዜም ሲያውቀው እንደኖረ ሁሉ። ፋማው ያየው ያንን እጅ ነው። አባታቸውን ቢመስል ኖሮ ይሻለው ነበር፤ ከአባታቸው በለጠ።

«ጋሼ! ምን አደረግክባት?»

«ጨርቁ ነው» አለ ፋማው። «አዲስ ጨርቅ ንፋስ አያፈስም።»

«አልሃምዱሊላህ! ለአንድ ቀን እንኳ አሳየኸኝ።»

ሼላ አሸዋው ላይ አወጧት። ቡኑ ገና አልደረሰም። ላሊ ሸራውን አውርዶ በአሸዋው ላይ ዘረጋውና ከወንድሙ ዳስ ይዞት የመጣውን አሮጌውንም ከጀልባዋ ሆድ አውጥቶ፣ ለቡኑ መጠቅለያ እንዲሆን ብሎ፣ ከላዩ አነጠፈው። መለካቱ አልነበረም። ክፉ አላሰበም። ግን ጥጉን ከጥጉ ሲያገጥመው፣ ያ ስንት ዓመት ተለጥጦ ያለቀው አሮጌ ሸራ ከአዲሱ በሁሉም በኩል ገባ ብሎ ቀረ።

ላሊ ተንበርክኮ የአሮጌውን ጠርዝ በእጁ ተከተለ።

«አንድ ክንድ ቀንስ ነበር ያልኩህ።»

«አዎ።»

«አንተ ጨመርክ።»

«አልጨመርኩም» አለ ፋማው። «ልኩ ነው። የእንጨቷ ልክ ነው።»

ላሊ ወደ እንጨቱ አየ፣ ወደ አሮጌው ሸራ አየ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የሠራው ግን ቀስ ብሎ ነው፣ ወደ ኋላ እየሄደ፣ ከሸራ ወደ ሸራ፣ ከመውሊድ ወደ መውሊድ።

«ሁሉም?»

«አባታችን…» አለ ፋማው። «አባታችንን ከሸራዬ ሥር ነው ያወጡት። አንተንም እንዳላጣህ ብዬ…»

«አጠገብህ ቆሜ ስትቆጥር እሰማህ ነበር። ቢስሚላህ ስትል እሰማህ ነበር። በአላህ ስም ነው የቀነስከኝ?»

ፋማው አንገቱን ደፋ።

«ብትነግረኝ እኮ» አለ ላሊ፤ አልጮኸም፣ ቢጮህ ይሻል ነበር፤ «ብትነግረኝ ለኩሲ ትንሹን፣ ለሰሜኑ ንፋስ ትልቁን እንድትሰፋልኝ እጠይቅህ ነበር። ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ንፋስ ሲበረታ ማውረድ አላውቅም? ትላንትናስ? ትላንት እንኳ፣ እጃችንን ዘርግተን ሳለ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ ጋሼ።»

ከአሸዋው ማዶ ቡኑ እጁን እያወዛወዘ መጣ። ላሊ አሮጌውን ሸራ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገና አዲሱን ለቡኑ አስረከበው። «ምርጥ ሸራ ነው» አለው። «በሙሉ ልኩ ነው።»

ከዚያ በኋላ ላሊ የዘበኛ ወንበሩ ላይ ማታ ማታ ይቀመጣል፤ ቀን ቀን መደቡ ላይ ይመጣል። ወንድሙን ሰላም ይለዋል። ቀልድ ግን አቁሟል፤ ሽማግሌዎቹም ጀልባው ናፍቆት ነው አሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም መደቡ ላይ ሳሉ አንዲት ጀልባ ከማንዳ በኩል ሙሉ ሸራ ነፍታ ብቅ አለች፤ ሌሎቹን አንድ በአንድ እያለፈች መጣች።

«ያቺ የማን ናት?» አለ አንዱ ሽማግሌ ግንባሩን በእጁ ጋርዶ።

«ኡፔሲ ናት።»

«ውሸት!»

«ወላሂ ኡፔሲ ናት፤ የቡኑ ልጅ ነው የያዛት።»

የመጀመሪያው ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ጀልባዋ ምን በደለች! ላሊ፣ አይክፋህና፣ ነገሩ ናሆዳው ላይ ነበራ!» ሳቁ፤ ያለ ክፋት፣ እንደ ልማዳቸው።

ላሊ አልሳቀም። ፋማው ተነሳ።

«ናሆዳው ላይ አልነበረም» አለ። «ስሙኝ። እኔ ነኝ። ሸራውን ሁሉ አሳጥሬ ስሰፋለት የኖርኩት እኔ ነኝ። ላሊ ከሁላችሁም ከቡኑም ይበልጣል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ አፈጠጡበት። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አየህ?» አለ ለጎረቤቱ። «ወንድም ማለት ይህ ነው። ወንድሙ እንዳያፍር ብሎ የገዛ ስሙን ያቆሽሻል።»

«ወላሂ እውነቴን ነው!» አለ ፋማው።

«ለወንድም መማል ይፈቀዳል» አለ ሌላው፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገው። «ተው፣ ተው። ሸራህን የማናውቅ መሰለህ? አላህ ለሁላችንም እንዲህ ያለ ወንድም ይስጠን።»

ላሊ ተነስቶ ሽርጡን አጠበቀ። ወደ ሼላ የሚወስደው መንገድ ሩቅ ነው፤ ከመምሸቱ በፊት መድረስ አለበት። ወንድሙ ዘንድ ሲደርስ ቆም አለ።

«ልኬን አውቃለሁ ብዬህ ነበር፣ አይደል ጋሼ?» አለው ቀስ ብሎ። «አላውቀውም ኖሯል።»

የባሕሩን ዳር ይዞ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ፋማውን እጁን ስበው «ና ተቀመጥ፣ ደጉ ወንድም» አሉትና ከመሀላቸው ጥሩውን ቦታ ለቀቁለት። ፋማውም ተቀመጠ።